የአንድ ሰው ቡና

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው። ነሐሴ የጎንደርን ሰማይ ጨፍግጎታል። ከፋሲል ግቢ ወደ ፒያሳ የሚያወጣው መንገድ ጭቃና ዣንጥላ ብቻ ሆኗል። እኔም ከለመድኳት ካፌ፣ ከለመድኩት ወንበር ላይ አንድ ጠቆር ያለ ማኪያቶዬን ጠጥቼ፣ ጋዜጣዬን በብብቴ ሸጉጬ፣ በዚያው እግሬ እህቴ ቤት ጎራ አልኩ።

ቤት ስገባ አንድ ነገር ጎደለኝ። ሽታው። በዘጠኝ ሰዓት እህቴ ቤት ቡና ይቆላል፤ ይህ እንደ ቅዳሴ ሰዓቱን የጠበቀ ነገር ነው። ዛሬ ከሰል የለም፣ እጣን የለም፣ ረከቦቱም ጥጉን ይዞ ጨርቅ ለብሷል። እህቴ ለቅሶ ሄዳለች። ከጓዳ ግን ቋ! ቋ! ቋ! የሚል ድምፅ ይሰማል። ሙቀጫ መስሎኝ «እሰይ!» ልል ነበር። ሙቀጫ አልነበረም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ በዘነዘና በረዶ ትሰብራለች።

በነሐሴ! በጎንደር!

«ምን ልትሠሪ ነው?» አልኳት።

«አይስድ ካራሜል ማኪያቶ» አለችኝ፣ አንገቷን ቀና ሳታደርግ። «ይቀመጡ ጋሼ፣ ያያሉ።»

ተቀመጥኩ፤ አየሁም። ስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ በፍጥነት ታወራለች፤ ልጃችን ታቆማታለች፣ ትሠራለች፣ ደግሞ ታስቀጥላታለች። ረጅም ብርጭቆ ቀረበ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ የካራሜል ጠርሙስ ተከፈተ። ወተት፣ በረዶ፣ ከዚያ ደግሞ በጀበና ወፈር ተደርጎ የፈላና የቀዘቀዘ ቡና፣ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተብሎ ተንቆረቆረ። ነጩ ከታች፣ ጥቁሩ ከላይ፣ በመሐላቸው ደግሞ እንደ ጥልፍ የሚወርድ ወርቃማ መስመር። አልዋሽም፣ ያምራል። ከመጠጣቷ በፊት አራት ጊዜ ፎቶ አነሣችው። አንድ ጉንጭ ብቻ አቀመሰችኝ። ጣፋጭ ነው። ከጣፋጭነቱ ሥር ቡናው መኖሩ ይታወቃል፤ ግን እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፣ ስሙን እንጂ መልኩን አታስታውሱትም።

ይኼኔ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እማሆይ ናቸው። ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው፣ ከደፉ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ።

«እጣኑ ሳይሸተኝ ጊዜ አሞዎት እንደሆነ፣ እናትሽን ልጠይቅ ብዬ ነው» አሏት።

«ደኅና ናት እማሆይ፣ ለቅሶ ሄዳ ነው። ይግቡ።»

እማሆይ ብርጭቆዋን አዩ። አንድ ብርጭቆ። ረከቦቱን አዩ፤ ጨርቅ ለብሷል። «ተመስገን፤ ደኅና ከሆናችሁ ምን እፈልጋለሁ» ብለው ተመለሱ። ከግቢው በር እስኪወጡ ድረስ የምርኩዛቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የሚቀመጡባት ሰዓት ያቺ የዘጠኝ ሰዓቷ ናት።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። በአንዲት ረጅም ብርጭቆ ምክንያት አንዲት አሮጊት ወደ ባዶ ቤታቸው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። የጋዜጣ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል? በዚያው ሌሊት ብዕሬን አነሣሁና የክስ ማመልከቻ የመሰለ ጽሑፍ ጀመርኩ። ክሶቹ ሦስት ነበሩ። አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱ እንዳሰብኳቸው አልቆሙልኝም።

የመጀመሪያው ክስ ስሙ ነው። «የሰው አገር መጠጥ!» ልል ፈለግሁ። ግን ማን ነው የሚለው? ከፒያሳ ማኪያቶ ጠጥቶ የመጣው እኔ! ፒያሳ ራሱ የጣልያን ቃል ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ጣልያን ጎንደርን የያዘው በ1928 ዓ.ም ነው፤ ድል ተመትቶ እጁን የሰጠው ደግሞ በኅዳር 1934 ዓ.ም ነው። ሰውየው ወጣ፤ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ማዕዘናቸውን ክብ አድርጎ የሠራቸው ሕንፃዎቹና የቡና ቤቱ ቋንቋ ግን ቀሩ። ማኪያቶ በጣልያንኛ ነቁጥ ያረፈበት ማለት ነው፤ ጥቁር ቡና ሆኖ አንዲት ጠብታ ወተት ያረፈችበት። እኛ ደግሞ ወተቱን እስከ ግማሽ አሳደግነው፣ በትንሽ ብርጭቆ ደርድረን አቀረብነው፣ «ጠቆር ያለ» እና «ነጣ ያለ» ብለን ስም አወጣንለት። ወተት በማይጠጣበት ዕለት ደግሞ ሻይና ቡና ቀላቅለን ስፕሪስ አልነው። ጣልያን ዛሬ ተነሥቶ ቢመጣ የራሱን መጠጥ «ይኼ ምንድነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

አሜሪካኖቹ በበኩላቸው ነገሩን ገለበጡት። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ1996 ካራሜል ማኪያቶ ብሎ ያወጣው መጠጥ ወተቱን ከሥር አድርጎ፣ ቫኒላ ጨምሮ፣ ቡናውን ከላይ አፍስሶ፣ ካራሜል የሚያንጠባጥብበት ነው። ወተት ያረፈበት ቡና መሆኑ ቀርቶ ቡና ያረፈበት ወተት ሆነ ማለት ነው። በረዶ ሲገባበት ደግሞ የእህቴ ልጅ የሠራችው ይሆናል።

ከዚህም የባሰ አለ። ቡና ራሱ ለጎንደር እንግዳ ነው። የወገራና የደባርቅ ደጋ ገብስ እንጂ ቡና አያበቅልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው የሰሜን ክርስቲያን ቡናን የሙስሊሙ መጠጥ ነው ብሎ ይሸሸው ነበር፤ በዘመኑ አገራችንን የዞሩ መንገደኞች ጽፈውታል። ነገሩ እየላላ የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እንግዲህ በ44ቱ ታቦት ከተማ፣ ከአዲስ ዓለም ሙስሊም ጎረቤቱ ቤት ሲቆላ ሸትቶት አፍንጫውን ይይዝ የነበረ ሰው የልጅ ልጅ፣ ዛሬ «ቡና ባህላችን ነው፣ አትንኩብን» ብሎ ሲፎክር የምትሰሙት እኔን ነው። ቡና የእኛ የሆነው እዚህ ስለበቀለ አይደለም። አብረን ስለጠጣነው ነው። እናም የመጀመሪያውን ክስ ቀደድኩት።

ሁለተኛው ክስ ዋጋው ነው። ይኼኛው ቆሟል፤ አሁንም አለቀውም።

ያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ምንድነው? ስኳር፣ ውሃ፣ ቀለምና ሽታ። ካራሜል ማለት በእኛ ቋንቋ ያረረ ስኳር ማለት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለጠርሙሱ የወጣው ገንዘብ አንድ ቤተሰብ ለስንት ቀን የሚቆላውን ቡና እንደሚገዛ እህቴ ብታሰላው ያማታል። የምንከፍለው ለስሙ ነው። ስም ደግሞ ገንዘብ መሆኑን ከኢትዮጵያ በላይ በችግር የተማረ አገር ያለ አይመስለኝም። በ1997 ዓ.ም መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ አመለከተ። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ይኼው ካራሜል ማኪያቶን ያወጣው ስታርባክስም ከክርክሩ መሐል ገባ። በዓለም አደባባይ ብዙ ከተጮኸ በኋላ ስምምነት ላይ የተደረሰው በሰኔ 1999 ዓ.ም ነው። አያችሁ? የይርጋጨፌን ስም የራሳችን ለማድረግ እንዲህ ስንሟገት፣ የካራሜሉን ስም ግን ሳንከራከር፣ ከነጠርሙሱ፣ በሻንጣ ተሸክመን እንገባለን። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

ለመሆኑ ይህን ነገር ቤት ውስጥ መሥራት ያቅታል? አያቅትም። ልጅቷን ላሳፍር ብዬ ራሴ ሞክሬዋለሁና አሠራሩን ልንገራችሁ።

አንድ ሲኒ ስኳር በደረቅ ብረት ድስት አድርጉ። ውሃ የለም፣ ዘይት የለም። እሳቱ ለስለስ ይበል። ስኳሩ ሙቀቱ ወደ 160 ዲግሪ ሲጠጋና ሲያልፍ ከጠርዙ መቅለጥ ይጀምራል። አታማስሉት፤ ይጓጉላል። ድስቱን ብቻ ዘወር ዘወር አድርጉት። መልኩ ጠጅ ሲመስል ከእሳት አውርዱት። ጠላ እስኪመስል ከጠበቃችሁት አልፏል፣ ይመራል። ከዚያ ግማሽ ሲኒ የፈላ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩበት። ፊታችሁን አርቁ፤ ይቆጣል፣ ይንተከተካል፣ ይፈናጠቃል። ሲበርድለት ቅንጣት ጨው ጣል አድርጉና በማር ዕቃ አስቀምጡት። ለስድስት ሰው ይበቃል። የመጀመሪያው ሙከራዬ ጠላ ሆነ፤ ሁለተኛው ጠጅ።

ማሽን የለንም ብላችሁም አትስጉ። የካፌ ማሽን ውሃውን ከ90 እስከ 96 ዲግሪ አሙቆ፣ በ9 ባር ግፊት፣ በ30 ሴኮንድ ገደማ ቡናውን ጨምቆ ያወጣዋል። ጀበና ግፊት የለውም፤ ሙቀቱን ግን ጎንደር ራሷ ታስተካክልለታለች። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ እዚህ ውሃ 100 ሳይደርስ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ፈረንጅ በቴርሞሜትር የሚፈልገውን እኛ ተራራ ላይ በመወለዳችን ብቻ አግኝተነዋል። የጀበናውን ውሃ በግማሽ ቀንሱት፣ ዱቄቱን አትቀንሱት፤ አፍልታችሁ አስጠልሉት፣ ከዚያ አቀዝቅዙት። ትኩሱን በረዶ ላይ ካፈሰሳችሁት በረዶው ቀልጦ የምትጠጡት ውሃ ውሃ የሚል ቡና ነው። ቀሪው ድርደራ ነው፤ ወተት፣ በረዶ፣ ቡና፣ ከላይ ካራሜል። ጾም ከሆነ ወተቱን ተዉት።

ሦስተኛው ክስ በሩ ነው። ዋናው ይኼ ነበር። ጽሑፌ ላይ እንዲህ አልኩ፦ የእኛ ቡና ገና ሲጀመር ለሰው የታሰበ ነው። ጀበና ለአንድ ሰው ተብሎ አይጣድም። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው የተቀጠረው ሰው እንዳይቸኩል ነው። ሽታው ራሱ ጥሪ ነው፤ ካልሸተተም ወሬ ነው፣ እማሆይ «አሞዎት እንደሆነ» ብለው የመጡት ለዚህ ነው። ባለ በረዶው ግን ሽታ የለውም። ቀዝቃዛ ነገር አይሸትም። በተዘጋ በር ውስጥ ተሠርቶ፣ በተዘጋ በር ውስጥ ይጠጣል፤ ጎረቤት የሚያየው የለም፣ ሩቅ አገር ያለ ሰው ግን ፎቶውን ያየዋል… እያልኩ አስረዘምኩት። ስጨርስ የራሴ ዓይን እንባ አቀረረ። አይ የጸሐፊ ነገር!

ሐሙስ ዕለት ልጅቷን አስቀምጬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ማክሰኞ ዕለት ሲመጡ ማኪያቶ ጠጥተው ነው አይደል የመጡት?»

«አዎ።»

«ከማን ጋር?»

ጋዜጣዬን አየሁት። እሷም አየችው።

«ስንት ዓመትዎ ነው ፒያሳ ሲጠጡ? እማሆይን አንድ ቀን ጠርተዋቸው ያውቃሉ?»

ዝም አልኩ። እሷ ግን ገና መጀመሯ ነበር።

«ይኼ የሚሉት የዘጠኝ ሰዓት ቡና ማን ያፈላዋል? እኔ ነበርኩ፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ፣ ቀድቼ፣ ደግሞ ሲኒውን አጥቤ። እናንተ ታወሩ ነበር። ወሬው የእናንተ ነበር፣ ጭሱ የእኔ። ማትሪክ የደረሰ ጊዜ እንኳ "አንዴ ቶናውን ቅጂና ታጠኛለሽ" ነበር የምባለው። ማክሰኞ የሠራኋት በሕይወቴ ለራሴ የሠራኋት የመጀመሪያዋ ቡና ናት። እሷንም ይጻፉባት።»

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ «ያው እኮ…» ብዬ ጀምሬ አልጨረስኩትም።

ሳስበው አደርኩ። የአንድ ሰው ቡና ጎንደር የገባው ከበረዶና ከስትሮ ጋር አይደለም። ቀደም ብሎ ገብቷል፤ ከወንበርና ከጋዜጣ ጋር። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ካፌዎች ውስጥ ያሉትን ወንበሮች ቁጠሩና የተቀመጠባቸው ማን እንደሆነ እዩ። አብዛኞቻችን ወንዶች ነን። ቤታችን ቡና እየተቆላ፣ «እየመጣሁ» ብለን ወጥተን፣ ማኪያቶ አዘን፣ ብቻችንን ወይም ከመሰሎቻችን ጋር ተቀምጠን አምሽተናል። ያን ጊዜ «ባህል ጠፋ» ብሎ የጻፈብን የለም። ባህሉን ቤት ውስጥ የሚጠብቁልን ሴት ልጆች ስለነበሩ ባህል አልጠፋም ነበር። አሁን አንዲቷ ለራሷ ብርጭቆ ስታነሣ፣ ባህል ሊጠፋ ነው ብለን ከያለንበት ተነሣን።

በየመድረኩ የቡና ሥርዓታችንን ስናሞግስ ቄጠማውንና ፈንድሻውን እንጠራለን፤ የተቀመጠችበትን በርጩማና ጭሱ ያቀላውን ዓይኗን ግን አንጠራም። የውዳሴያችን ጉድለት ይኼ ነው። ሥራው ለአንዷ፣ ወሬው ለሌላው የሆነበት ማዕድ ዕድሜው አያጥርም ትላላችሁ? ልጆቹ ሲማሩና ክፍል ሲከራዩ መጀመሪያ የሚጥሉት ጀበናውን ነው። በጀበናው ጠልተው አይደለም፤ የተቀመጡበትን ቦታ ጠልተው እንጂ።

ይኼ ሁሉ ሆኖ ግን የእማሆይ ምርኩዝ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ልጅቷ ልክ ናት። እማሆይም ደጃፍ ላይ ቆመው ተመልሰዋል። አንዱ እውነት ሌላውን አያጠፋውም። ልጅቷ ስታርፍ እማሆይ ብቻቸውን መቅረታቸው፣ እማሆይ ሰው ሲያገኙ ልጅቷ ጭስ ውስጥ መግባቷ የግድ ነው እንዴ? በመካከላቸው ያለነው፣ ሁለት እጅ ያለን፣ ማንም ደፍሮ «ቡና ቁላ» ብሎን የማያውቀው እኛስ?

ዓርብ ዕለት ፒያሳን አልፌ ቀጥታ እህቴ ቤት ሄድኩ። «ዛሬ ቡናው የእኔ ነው» አልኩ። እህቴ «ምነው ደኅናም አይደለህ?» አለችኝ። ቆላሁ፤ ሩቡን አሳረርኩት። የልጅቷ ታናሽ ወንድም እያጉረመረመ ወቀጠ። ስኳሩን ግን ለልጅቷ ተውኩላት፤ ፈልጋ ነው የያዘችው። ያን የሻንጣ ጠርሙስ ወደ ጎን ብላ በድስት አቀለጠችው፤ ልክ ጠጅ ሲመስል አወረደችው። እጇ ከእጄ ይሻላል።

ቤቱን ጭስ ሞላው። ብዙ ሳይቆይ ምርኩዙ ተሰማ። እማሆይ ሳይጠሩ መጡ፤ ሽታው ጠርቷቸዋል። ዓርብ ነውና ወተት የለም። ለሁላችንም በትንንሽ ብርጭቆ ቡና፣ በረዶና ያረረ ስኳር ቀረበልን። እማሆይ ብርጭቆውን ባረኩና ፉት አሉ። ጥርሳቸውን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

«ስኳሩን አቃጥላችሁ ነው እንዴ?»

«አዎ እማሆይ፣ ካራሜል ይባላል» አለች ልጅቷ።

«እኛ ዕድሜ ልካችንን እንዳያርብን ስንጠነቀቅ!» አሉና ደግመው ፉት አሉ። «ጥሩ ነው፣ ይጥማል። በሉ አሁን ደግሞ ቡና አፍሉልኝ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ከልማድ የተነሣ ልትነሣ ከወንበሯ ብድግ ስትል እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ አስቀመጥኳት። ጀበናውን እኔ ጣድኩ። አቦሉን ቀዳሁ። ለቶናው ሲኒዎቹን ሰብስቤ ላጥብ ጓዳ ገባሁ። እጄ ውሃ ውስጥ እያለ ከሳሎን ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ የእማሆይም የልጅቷም ድምፅ አለበት። ምን እንዳሳቃቸው ለመስማት ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። አልሰማሁም።

ለካ ጓዳ ሆነው ወሬው አይሰማም።